ጓደኛው ለዳኝነት ስትታጭ

በሰኔ መግቢያ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት አንድ ጠዋት፣ ብዙነህ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ታክሲ መያዣው ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ከፊቱ በሁለት እጇ የተሞሉ ፌስታሎች ያንጠለጠለች አሮጊት ነበረች። ልትገባ ስትል ሾፌሩ ማስክ ካላደረግሽ አልጭንሽም አላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ዞር ዞር ስትል፣ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ከቦርሳዋ አዲስ ማስክ አወጣች። የአሮጊቷ እጆች ስለተያዙ ራሷ ከጆሮዎቿ ጀርባ አንጠልጥላላት፣ አፍንጫዋ ላይ ቀስ አድርጋ አስተካከለችላት። እዚህ አገር አያትን በሚጠሩበት ስም “ጎጎ” አለቻትና ክንዷን ደግፋ አስገባቻት።

ብዙነህ በአማርኛ “ተባረኪ” አለ፤ ማንም አልሰማውም። ቀኑ በደግ ነገር የተጀመረ መሰለው። ታክሲው ሳይንቀሳቀስ ግን ስልኩ ጮኸ።

መልእክቱ የደመቀ ነው። ደመቀ ጄፒ በሚባለው የአበሻ ገበያ ውስጥ ከብዙነህ ሱቅ ፊት ለፊት ሻንጣ የሚሸጥ ጎልማሳ ሲሆን፣ የአለምወርቅ የምትባል ታላቅ እህቱ አዲስ አበባ ዳኛ ናት። ከመጀመሪያ ደረጃ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንድታድግ መታጨቷን፣ ስሟም ለሕዝብ አስተያየት መውጣቱን ጽፎ ነበር። ብዙነህ አነበበና ስልኩን ኪሱ ከተተ። አውጥቶ ደግሞ አነበበው። ደስ ሊለው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጩን ይዞ ከተማ እስኪደርስ በመስኮት ሲያይ ሄደ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ብዙነህና የአለምወርቅ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ችሎት ረዳት ዳኞች ነበሩ። አንድ ጠረጴዛ ተካፍለው የውሳኔ ረቂቅ ይጽፉ፣ ምሳም አብረው ይበሉ ነበር። የሙሉ ዳኝነት ሹመት ሲመጣ ሁለቱም ታጩ። ሹመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ግን የእሷ ስም ነበረ፤ የእሱ አልነበረም። ለምን እንደቀረ የነገረው ሰው የለም። ሰው ስላልነገረው ራሱ ለራሱ ነገረው። አንዳንዴ ሹመቱ ለየአካባቢው ሲደለደል የእኛ ድርሻ በእሷ ሞልቶ ነው ይላል። አንዳንዴ አጎቷ ትልቅ ሰው ያውቅ ነበር ይላል። ሲብስበት ሁለቱንም ይላል። ምናልባት እሷ ትሻል ይሆናል የሚለውን ግን አንድም ቀን ለራሱ ብሎት አያውቅም። በዓመቱ ሥራውን ለቆ ደቡብ አፍሪካ ገባ።

ጄፒ ውስጥ የሚሸጠው ብርድ ልብስና መጋረጃ ነው። እዚህ አገር ለዳኝነት የታጨ ሰው በአደባባይ ተቀምጦ ሲጠየቅ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ሌላው ነጋዴ ኳስ እንደሚጠብቀው ብዙነህ ያንን ይጠብቃል። ጠያቂው ፖለቲከኛ ሲጮህ ይስቃል፤ ተጠያቂው ሲንተባተብ “መልሱ እኮ ቀላል ነበር” ይላል። ሻይ የሚያዞረው ሽጉጤ ታዲያ አይምረውም። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዚህ ሻይ ላይ ይግባኝ ይቻላል?” ይለዋል። ብዙነህ ይስቃል። ሳቁ ግን እንደ ቀኑ ነው።

የዚያን ቀን ደመቀ ለገበያው ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። ሰው የብዙነህን ፊት እያየ፣ አብረሃት ሠርተህ አልነበር ወይ ይለው ጀመር። አዎ፣ ጎበዝ ጸሐፊ ነበረች፣ እጇ ፈጣን ነው ብሎ መለሰ። ስለ ፍርዷ ምንም አላለም።

በማግስቱ ደመቀ ስልኩን ይዞ ሱቁ ገባ። ስለ እጩዎቹ ሕዝቡ አስተያየት ይስጥ ተብሏል፤ እኛም ዝም ማለት የለብንም ብሎ፣ ለዕድር መዋጮ ሰው እንደሚያስተባብር ሁሉ የጆሃንስበርግን አበሻ በቴሌግራም ሊያስተባብር ቆርጧል። ሁሉም ሰው የሚልከውን ጽሑፍ እሱ አዘጋጅቶታል። የወንዛችን ልጅ ስለሆነች፣ አካባቢያችንም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰው ስለሚያስፈልገው፣ የአለምወርቅ እንድትሾምልን በውጭ የምንኖር የአካባቢው ልጆች እንጠይቃለን ይላል።

“ጋሽ ብዙነህ፣ አንተ ሕግ ታውቃለህ” አለው። “የሚታረም ካለ እረምልኝ።”

ብዙነህ አነበበው። አንድ ጊዜ አንብቦ ገባው። አስተያየት የሚጠየቀው ሰው እንዲቆጠር አይደለም፤ እጩዋን የሚያውቃት ሰው ያየውን እንዲናገር ነው። አይቷት የማያውቅ መቶ ሰው በአንድ ቃል፣ ያውም በወንዝ ስም፣ ሹሙልን ሲል ቅስቀሳ ይመስላል፤ ዳኛ ደግሞ አስቀሰቀሰች ከተባለች አለቀላት። ይህን ለመናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ያቺ አንድ ጠረጴዛ ፊቱ መጣች፤ የእሱ ወንበር ባዶ ሆኖ፣ እሷ ብቻዋን ተቀምጣ።

“ጥሩ ነው” አለ። “የሚታረም የለውም።”

ደመቀ እጁን ሊጨብጠው ዘረጋና ኮሮናው ትዝ ሲለው በክርኑ ነካው።

ጽሑፉ በቴሌግራም ተበተነ። ቶኮዛ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ክሊፕታውን ሰፈር በየቤቱ እየዞሩ የሚሸጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን በሙሉ፣ ቃሉን ሳይቀይሩ ላኩት። አማርኛ ማንበብ የማይችሉት እዚህ የተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ላኩ። ብዙነህ በየቀኑ ምን ያህል ሰው እንደላከ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደስታ የሚመስል ነገር ደረቱን ይሞቀዋል። ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ግን ያ ሙቀት ያቃጥለዋል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ደመቀ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። እህቱ ደውላ አልቅሳበታለች። ይህን ሁሉ መልእክት ማን አደራጀው፣ አንቺ ታውቂያለሽ ወይ ተብላ ተጠይቃለች። ባልደረቦቿም መተላለፊያው ላይ ሲያይዋት ዝም ማለት ጀምረዋል። ከእንግዲህ ብትቀር የሚገርማት ነገር የለም። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ለመሆኑ እዚያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ አልነበረም ወይ አለችው። ደመቀ ነበረ አላላትም። ጋሽ ብዙነህ፣ አንተን ላስወቅስ አልፈለግሁም ብሎ ነው ለብዙነህ የነገረው፤ አንተም በቅንነት ነው ያየኸው፣ ሁላችንም ተሳሳትን አለው።

ብዙነህ ብርድ ልብስ ማጠፍ ያዘ። የታጠፈውን ፈትቶ ደግሞ አጠፈው።

በዚያ ሰሞን በኮሮናው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በተራ ነበር። እሑድ የብዙነህም የደመቀም ተራ ሆነ፤ ሰው ተራርቆ እንዲቆም ወለሉ ላይ ምልክት ተለጥፏል። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል፣ በደጉ ጊዜ ሰው እጅ ለእጅ ይነካካ ነበር፤ አሁን ግን ከሩቅ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ብዙነህ ወደ ደመቀ ጎንበስ አለ። ደመቀ ከእሱ የበለጠ፣ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አለለት። ብዙነህ ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሴ አልሰማም። ቁርባኑ ሳይደርስ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ለአስተያየት መቀበያው ሊጽፍ ሞከረ። የማስገቢያው ቀን ገና አላለፈም። ስለ የአለምወርቅ የሚያውቀው፣ ለማንም ነግሮት የማያውቀው አንድ ነገር ነበረው። ረዳት ዳኞች ሳሉ አንድ ባለሥልጣን የላከው ሰው የአንዲት መበለት የቤት ክርክር እንዲዘገይለት በጓሮ በኩል መጥቶ ሲለምናት፣ የአለምወርቅ ሰውየውን ይዛ ወደ ችሎቱ ዳኛ ገባች፤ የመጣበት ጉዳይም በችሎት፣ በመበለቲቱ ፊት ተነገረ። ብዙነህ በዓይኑ አይቷል። ያን ቀን እሱ መዝገብ የሚያነብ መስሎ አቀርቅሮ ነበር። ይህን ሊጽፍ ይጀምራል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ዞሮ ስለ ራሱ ይሆናል፤ እንዴት እንደቀረ፣ ማን እንዳስቀረው። ይደመስሳል። ደግሞ ይጀምራል፤ አሁንም አጎቷ ይገባበታል።

ሰኞ ጠዋት ከጎኑ የልጆች ጫማ ወደሚሸጠው ጎረቤቱ መጣ። ጎረቤቱ ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ያቃተው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ብዙነህ ባዶ የጫማ ካርቶን ላይ ተቀመጠና የሆነውን ሁሉ፣ ለደመቀ “ጥሩ ነው” ብሎ የመለሰለትን ቃል ሳያስቀር፣ ዘረገፈ።

“ወንድሜ፣ እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍልኝ” አለ። “የሚላከው በስሜ ነው። ያ ሁሉ መልእክት ከእሷ እንዳልመጣ፣ እኔም አስቀድሜ አይቼው ዝም እንዳልሁ ጻፍ። ደመቀ መስማቱ አይቀርም፤ ይስማ። ስለ መበለቲቱም ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ስለ ራሴ ማውራት ስጀምር እጅህን አንሳና አስቁመኝ።”

ጎረቤቱ እሺ አለና ወረቀት አወጣ። ብዙነህ የተቀመጠበትን ካርቶን ወደ እሱ አስጠጋ።

“አንድ ነገር ደግሞ” አለ። “መጨረሻው ላይ፣ ከእኔ ትሻል ነበር የሚለውን አንተ ጨምርልኝ። እኔ ልለው አልቻልኩም።”