በረኪናና ሊቀመንበሩ

ሰፈሩ የወንድሜን ሚስት የሚጠራት “በረኪና” እያለ ነው። ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት። እሷ የወለወለችው ወለል ላይ ፊትህን እያየህ ፀጉርህን ታበጥራለህ ይላሉ። ቤቷም ያው ነው። እኔና እሷን የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ቤቷ ስገባ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን አራግፌ፣ ትንፋሼንም ቀነስ አድርጌ ነው። “እንዲያው ከበር ላይ ሆኜ ላውራሽ” እላታለሁ። አትስቅም። በጽዳት ቀልድ አታውቅም።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች አንድ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ፊት ለፊት ደግሞ የዓሣ ገንዳ ነበረው። ተራ ጠባቂ እንዳይሰለች ነው ያመጣኋቸው ይላል። ውሸቱን ነው፣ አፍጥጦ የሚያያቸው እሱ ራሱ ነው፤ እነሱን እያየ ሲቆርጥ የሰው ጆሮ አለማንሳቱ ተአምር ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ እነሱን ያበላል፣ ከዚያ ነው ቁርሱን የሚቀምሰው። “የማይበላ ዓሣ መቀለብ ምን ይሉታል?” ስለው፣ “አንቺንስ አበላሽ የለ፣ ልበላሽ ነው እንዴ?” ይለኛል። ከሁሉም የሚወደው አንዱን ትልቅ፣ ቀለሙ የወየበ ብርቱካንማ ዓሣ ነበር። ቀኑን ሙሉ አፉን እየከፈተ እየዘጋ አንድም ነገር ስለማይናገር ደንበኞቹ “ሊቀመንበሩ” ብለው ስም አወጡለት።

አንድ ቀን የደንበኛ አገጭ ላይ አረፋ ሲቀባ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጁና ምላሱ በአንድ ቀን ከዱት። ሱቁ ተዘጋ፣ ዕቃው ተበተነ፣ ገንዳው ግን ቤት መጥቶ አልጋው ጎን ተቀመጠ፤ ምክንያቱም ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሐል ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ነገሩን ልብ በሉልኝ። ሐኪሙ “ካልበላ አይነሳም” ብሏል። ወንድሜ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ አልበላም አለ። ሾርባ አመጣን፣ ለመንን፣ ተቆጣን፣ አለቀስን፤ ወይ ፍንክች! በኋላ ሚስቱ የሱቁ የጠዋት ልማዱ ትዝ አላት። ከዓሣዎቹ ምግብ ቆንጠር አድርጋ በግራ እጁ ጣቶች መሐል አኖረችለት፤ እጁን እየጎተተ ገንዳው ላይ በተነው፤ ዓሣዎቹ ተሻምተው በሉ። ያኔ አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ይኸው ሆነ፦ መጀመሪያ እነሱ፣ ቀጥሎ እሱ። እኔ ዓሣ ጠል የነበርኩት ሴትዮ በልቤ ስለ ዓሣ መጸለይ ጀመርኩ።

በረኪናም ገንዳውን ያኔ ነው ቀረብ ብላ ያየችው። ጠጠሩ አተላ ይዟል፣ ውሃውን የሚያጣራው ስፖንጅ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ያሟልጫል። “ባሌ ሲያይ የሚውለው ይሄን ነው?” አለች። ፍቅር ነው፣ ሌላ ምን ይባላል! ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አቆይታ ውሃውን በሙሉ ደፋችው። ጠጠሩን በፈላ ውሃ ቀቀለችው። ስፖንጁን በሳሙና፣ ከዚያ በበረኪና አሽታ አሽታ እንደ አዲስ አነጣችው። ለቀለቀች፣ ደግማ ለቀለቀች፣ ገንዳውን ከቧንቧ በቀጥታ ሞላችው። ሲያልቅ ዓሣዎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ነው የሚመስሉት። ወንድሜ ይሄ ሁሉ ሲሆን በግራ እጁ አልጋውን ይደበድባል፣ “እ! እ!” ይላል።

“ገና አልጠራም ነው የሚለኝ” አለችና መስታወቱን ደግማ ወለወለችው።

በማግስቱ ትንሿ ዓሣ ሆዷን ገልብጣ ተገኘች። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት። የሆስፒታል ሰው ደግሞ ሞት ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ጀርም አለ። ስለዚህ እንደገና ደፋች፣ እንደገና ቀቀለች፣ በረኪናውን ጨመር አደረገች። እሱ አልጋውን ደበደበ፤ እሷ የበለጠ አሸች። በዚህ ዓይነት ሄዶ ሄዶ ሊቀመንበሩ ብቻውን ቀረ። እሱም ቢሆን ክንፉን አጣብቆ ጥግ ላይ ዘንበል ብሎ ተኝቷል፣ ምግብ ሲበተንለት ቀና ብሎም አያይ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ተሞቀ፣ ደግሞ ቀዘቀዘ።

እኔ ነኝ ጎትቼ የገንዳ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ጋ የወሰድኳት። መላጣ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው፤ ሱቁ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይሸታል። በረኪና ገና ከበሩ አፍንጫዋን ያዘች። ሁሉንም ነገረችው።

“ስፖንጁን በምን አጠቡት፣ እትዬ?”

“በሳሙናና በበረኪና። ደህና አድርጌ ነው ያጠብኩት!” አለች፣ ኩራት ቢጤም አላት።

ሰውዬው ራሱን ያዘ። “እነሱ የሚበሉትም የሚወጣቸውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው እኮ። ከእነሱ የሚወጣውን መርዝ የሚበላላቸው እርስዎ ቆሻሻ ብለው የጠረጉት ነገር ነው። ስፖንጁ ላይ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ በዓይን አይታይም። እሱን ገደሉት፣ ከዚያ እነሱ በራሳቸው ሽንት ተመረዙ። የቧንቧው ውሃ ደግሞ ክሎሪን አለው፤ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን ማደር አለበት። እሱንም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀይሩት፣ መቼም ሙሉውን እንዳይደፉ!”

ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች የሚሉት ይሄ አይደል? እኔ እንኳን አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት፤ ፊቷን ሳይ አንጀቴን በላችው።

ሰውዬው ከራሱ ገንዳ አንድ ጥቁር፣ አተላ የሚያንጠባጥብ ስፖንጅ አውጥቶ ከነውሃው ፌስታል ውስጥ ከተተላት። “ይሄን እንዳለ ይክተቱት። አይጠቡት፣ አይጭመቁት። የሰው አደራ ነው ይበሉ።”

“ይሄን? ቤቴ?” አለች።

አውቶቡስ ውስጥ ፌስታሉን ከሰውነቷ አርቃ፣ ክንዷን ዘርግታ ይዛው ነው የሄደችው፤ ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀልን። ቤት ስንደርስ ግን ወደ ገንዳው አልሄደችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“አልጋውን ስትመታ... ተይ እያልከኝ ነበር፣ አይደል?”

ወንድሜ ከግድግዳው ዞረና ዓይኖቹን ጨፈነ፣ ገለጠ። አዎ ማለቱ ነው።

“አፈር ልብላልህ” አለችና ተነስታ ያንን ጥቁር ነገር በባዶ እጇ ገንዳው ውስጥ ከተተችው። ስትመለስ እጇን እንኳን አልታጠበችም። ይሄን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለእሷ ከሥራ ሁሉ የከበደው ነው፤ ምንም አለመሥራት። ውሃው ነጣ፣ ደፈረሰ፤ አልነካችውም። ባልዲው ጥግ ላይ ክፍቱን እያደረ በየጊዜው ከላይ ቀነስ፣ ጨመር ብቻ። ጣቶቿ ሲያሳክኳት ትመጣና የእኔን ድስቶች ትፈትጋለች። ድስቶቼ እንደዚያን ጊዜ አምሮባቸው አያውቅም። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ከጎኑ ቀና አለ፤ ከዚያ ክንፉን ዘረጋ። አንድ ጠዋት ወንድሜ የበተነለትን ፍርፋሪ ወጥቶ ቀለበ፤ ወንድሜም አፉን ከፈተ። ያን ቀን ሾርባው አልበቃ ብሎ ከእኔ ቤት ተጨመረ።

ዝናቡ ሲጥል በዋለበት አንድ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ከእነሱ ቤት ጩኸት ሰማሁ። ወንድሜ ሞተ ብዬ ዘው ብዬ ገባሁ።

በረኪና ቤቱ መሐል ቆማ ታለቅሳለች፤ ደግሞ ትስቃለች። ጨርቅ እግሯ ሥር ወድቋል። የገንዳው መስታወት አረንጓዴ ለብሷል፣ ከኋላው ሊቀመንበሩ አፉን ይከፍታል ይዘጋል።

“ተቆጣኝ!” አለችኝ።

“ማነው የተቆጣሽ?”

“ባሌ ነዋ! ጥጓን ብቻ ልጥረግ ብዬ ጨርቁን ባነሳ፣ ‘ተይ!’ አለኝ። በአፉ! በአፉ እኮ ነው የምልሽ!”

ወንድሜን አየሁት። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ መቀስ ሥር አልረጋ ያለ ደንበኛ የሚያይበትን ዓይን ጨርቁ ላይ ተክሏል። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ተናዶ አይቼው አላውቅም፤ ደስታዬን የምገባበት አጣሁ።

“እስቲ ድገመው፣ ወንድምዬ” አልኩት።

“ተይ” አለ። ጠመም ያለ ነው፣ ግን ቃል ነው።

“ተቆጣኝ፣ እስኪወጣልህ ተቆጣኝ” እያለች ግራ እጁን ይዛ ትስመዋለች። እኔ ያን ጊዜ ነው እግሬን ያየሁት። ጫማዬን አላወለቅኩም፤ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ጭቃዬ ወለሉ ላይ ታትሟል። እሷም አየችው። ጨርቁ ግን ከወደቀበት አልተነሳም።