ከሹፌሮች አጥር ኋላ

እጄን ሳታዩ እንዳትፈርዱብኝ። ጅቡቲ ውስጥ እንደኔ የሚወረውር የለም፤ ካለም ገና አልተወለደም። የድሬ ልጅ ነኝ። ትምህርት እምቢ አለኝ፣ እኔም እምቢ አልኩት፣ ተስማምተን ተለያየንና ወደዚህ ወረድኩ። ሥራዬ ጫት ማደል ነው። ጫቱ ከአገር ቤት እንደገባ ፒክአፕ ላይ ቆሜ ካርቲየ 6 የሚባለውን ሰፈር እዞራለሁ። መኪናው አይቆምም፤ ከቆመ ሰው ይወርረዋል። ስለዚህ ዙርባውን፣ ያው የጫቱን እስር፣ እየሄድን ነው የምወረውረው። ሻጮቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ዋርያ! ዋርያ!"፣ በሶማሊኛ "አንተ! አንተ!"፣ ይሉኛል፣ እኔ ጭናቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። አንዷ ዓይኗን ጨፍና የተቀበለችኝ ቀን አለ። እሺ፣ አንድ ዓይኗን።

ዲያስፖራው ያየኝ እንደዚህ ስወረውር ነው። በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ ያደገ፣ ለወደብ ሥራ እዚህ የመጣ አበሻ ነው። ፒክአፑን በሩጫ ተከትሎ፣ እያለከለከ "ብራዘር፣ አንተ ኳርተርባክ ነህ!" አለኝ። ስድብ ከሆነ ብዬ እኔም አንድ ሰደብኩት።

ነገሩ የአሜሪካኖች ኳስ ነው። ኳሷ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ አላት፣ እግር ብዙም አይነካትም። ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ይዞ ወደ ፊት ለሚሮጠው ጓደኛው የሚወረውረው ነው። አምስት ወፋፍራም ሰዎች ከፊቱ እንደ አጥር ይቆሙለታል፤ የወዲያኞቹ ደግሞ አጥሩን ጥሰው ሊጥሉት ይመጣሉ። አጥሩ ካልያዘ እጅህ የወርቅ ቢሆን አሸዋ ትቅማለህ። ይሄን ለእኔ ያስረዳኝ ራሱ ዲያስፖራው ነው። ተመልሼ ለሱ ለማስረዳት ነው የተቸገርኩት።

ዲያስፖራው ከየቦታው ሰው ለቃቅሞ ቡድን አቋቋመ፤ አርብ አርብ ጠዋት፣ ባሕሩ ሲሸሽ የሚተወው ሜዳ ላይ እንለማመዳለን። ከፈረንጆች ጋር ግጥሚያ ተይዟል፣ ወርዋሪ የሚገባው አንድ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው "ጫት አዳዩ" እንጂ ሌላ ስም ሰጥቶኝ አያውቅም። ኳርተርባክ መባል አማረኝ። ተፎካካሪዬ የካርቲየ 3 ልጅ ነው፤ የሐረር ነጋዴ ቤተሰብ፣ ጨርቅ ቤት አላቸው። ጨዋ ነው፤ ገፍተህ ስትጥለው እሱ ነው "ፓርዶን" የሚለው። ለሱ የደረሰው አጥር የወደብ ወዛደሮች ናቸው። ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች፣ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ነፋስም አያልፍ። ለእኔ የደረሱኝ ዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ለመጫን ተራ የሚጠብቁ የተሳቢ ሹፌሮች! ቦርጭ አላቸው፣ እሱን አልክድም። ግን ቦርጭ ብቻውን አጥር አይሆንም።

ልጁ ከወዛደሮቹ ኋላ ቆሞ ያስባል፣ ደግሞ ያስባል፣ ከዚያ ይወረውራል። እኔ ገና ኳሷን ስነካት ሰው ተከምሮብኛል።

"የሱ ትደርሳለች፣ ያንተ አትደርስም" ይላል ዲያስፖራው።

"አቦ አጥሬን እያየህ ፍረድ እንጂ! እሱ ሳሎን ተቀምጦ ነው የሚወረውረው፣ እኔ አስፋልት መሀል!"

"አንተ ልጅ፣ ኳሷን አቅፈህ እየተኛህ በኛ ታመካኛለህ?" አሉኝ ትልቁ ሹፌር። በዕድሜም በወገብም ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ መሀል ይቆማሉ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ።

"ጋሼ፣ ሰውየው በብብትዎ ሥር አልፎ ነው የመጣብኝ!"

"ቅድሚያ ሰጥቼው ነው።"

ሹፌሮቹ ሳቁ። እኔ አፌ ውስጥ አሸዋ ስለነበረ አልሳቅኩም።

እረፍት አጣሁ። ተኝቼ እግሬ ይሮጣል። ፒክአፕ ላይ ሳይቀር ኋላዬን እያየሁ መወርወር ጀመርኩ። አንዷ ሻጭ "ዋርያ፣ ዛሬ ማን ያባርርሃል?" አለችኝ።

በመጨረሻው ልምምድ ዲያስፖራው ጭቅጭቄ ሰለቸውና "ኦኬ፣ አጥር ተቀያየሩ" አለን።

ወላሂ ሠርጌ መሰለኝ። ከወዛደሮቹ ኋላ ቆምኩ። ኳሷ መጣች። ሰው አልመጣም። ጠበቅኩ። አሁንም የለም። ለካ ሰው ሳይመጣብኝ መወርወር አልችልበትም! እግሬ ራሱ ተነስቶ ሮጠ፤ ማንም ሳያባርረኝ ሮጬ ሮጬ ኳሷን ለዓሳ አቀበልኳት። አንዱ ወዛደር ዞሮ "ምን አየህ?" አለኝ። "ሙቀቱን" አልኩት።

ጨዋው ልጅ ግን የባሰ ገጠመው። ከሹፌሮቹ ኋላ ጸጥ ብሎ ቆመ። ኳሷ እጁ ስትገባ አምስቱም ሹፌሮች አንገታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። አምስቱም! የወዲያኞቹ በጎናቸው አልፈው ልጁን ቀበሩት። ደገሙ፣ ያው። ሲነሳ "ፓርዶን" ማለቱንም ረስቶታል።

"ለምንድነው ወደ ኋላ የምታዩት?" ብሎ ጮኸ ዲያስፖራው።

"ልጄ፣" አሉ ጋሼ፣ ዕድሜ ልኩን ተሳቢ እንደጎተተ ሰው ተረጋግተው፣ "ኋላዬ ያለውን ሳላይ መንዳት አልለመድኩም። መስታወት ግጠምልኝና አልዞርም።"

"ለዚህኛውስ?" አለ እኔን እያሳየ።

"ይሄ ሲሳደብ ይሰማላ! የት እንዳለ ድምፁ ይነግረኛል። ረዳትህ ኋላ ሆኖ 'ና፣ ና' እያለ ከጮኸ ምን አንገት ያዞርሃል? ዝም ሲል ነው የምትደነግጠው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ኳሷን ስትይዝ ያለ ልማድህ ዝም ትላለህ። ያኔ እንዞራለን።"

ተመልሼ ከኋላቸው ቆምኩ። ኳሷን እንደያዝኩ "አለሁ ጋሼ! ወደ ግራ! ትንሽ! ና! ና! ያዝ!" እያልኩ ጮህኩ። አንድም አንገት አልዞረም። አጥሩ ሻይ የሚያስጠጣ አልነበረም፤ አንድ ዙርባ ለመወርወር ያህል ግን ያዘ። ከዚያ በላይ ጊዜ ለእኔ ጉዳት ነው። ኳሷ ሄዳ የጓደኛዬ ደረት ላይ ተቀመጠች።

ዲያስፖራው ራሱን አከከ። "ወዛደሮቹ ከመጡ እሱ ይገባል፣ ካልመጡ አንተ" አለ።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ዓይኔ ባሕሩ ላይ ቀረ። መርከብ ከገባ ወዛደሮቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ መርከብ ለመንኩ። ግን የጋሼን ኮንቴይነር የያዘ ከሆነ እሳቸውም ጭነው ይሄዳሉ። "ያ አላህ፣ መርከብ አምጣ፣ የጋሼን ዕቃ ግን አታምጣ" ብሎ የሚለምን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለጋሼ ስነግራቸው "እኔ ልጆቼን ልይ ብዬ ተራ እጠብቃለሁ፣ አንተ ትረግመኛለህ!" ብለው በነጠላ ጫማቸው አባረሩኝ።

የስንዴ መርከብ ገባ። ወዛደሮቹ ቀሩ፣ ሹፌሮቹ መጡ። ጨዋው ልጅም መጥቶ "ቦን ሻንስ" ብሎ መልካም ዕድል ተመኘልኝ፤ ከልቡ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ተሸነፍን። ስንት ለስንት እንደሆነ ዲያስፖራውን ጠይቁት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ግጥሚያው እስኪያልቅ አንድም ሹፌር አንገቱን አላዞረም።

በማግስቱ ፒክአፕ ላይ ቆሜ በካርቲየ 6 አለፍኩ። ያቺ ሻጭ "ዋርያ፣ ዛሬ ደግሞ አፍህን ምን ዘጋው?" አለችኝ። ድምፄ ትናንት ከሹፌሮቹ ኋላ ስጮህ አልቋል። ዙርባዋን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።