ኤሚሊየን መሪ ቀጠረ

ኤሚሊየን በሰባ አራት ዓመቱ፣ ሳንባው ከከዳው በኋላ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ በሌ ፍሬን መንደር ወዳለው የመንገድ መሪዎች ቢሮ ገባና መሪ እንዲመደብለት ጠየቀ። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያው ቢሮ እየተመደበ ሰዎችን ተራራ ሲያወጣና በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ጸሐፊዋ ኦዴት የሚያሾፍ መስሏት ሳቀች።

«አለቃ፣ እርስዎን የሚመራ እኮ ገና አልተወለደም!»

«ተወልዷል። ማክሰኞ ተራው የማን ነው?»

ኦዴት ሰሌዳውን አየችና ሳቋ ጠፋ። ተራው የክሎቲልድ፣ የገዛ ልጁ ነበር።

ሽማግሌው ሰሌዳውን ከኦዴት ቀድሞ አይቶታል። ልጁን ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለምኗት ሁለት ጊዜ እንቢ ብላዋለች። በዚህ ቢሮ ግን ሥራ የሚታደለው በተራ ነው፤ መሪ ደንበኛ አይመርጥም። ይህን ደንብ ሲያስከብር የኖረው ራሱ ኤሚሊየን ስለሆነ፣ ልጁ ማምለጫ እንደሌላት ከማንም በላይ ያውቃል። ተንኮለኛ ሽማግሌ!

የፈለገው «ጉሮሮ» የሚሉትን ቦታ በስኪ መውረድ ነው። ጉሮሮው ከመንደሩ በላይ በሁለት አለቶች መሀል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠባብ ነጭ ቁልቁለት ነው። የሚወረደው በሚያዝያ ነው፤ ሌሊት የጠጠረውን በረዶ የጠዋት ፀሐይ ላዩን ብቻ በምታለሰልስባት አንዲት ሰዓት። ያቺ ሰዓት ካለፈች ናዳ ነው። ኤሚሊየን ስንት ጊዜ እንደወረደው ቁጥሩ ጠፍቶበታል።

«ታዲያ ምን ቀረብህ?» ብላ ጮኸችበት ክሎቲልድ፣ ወሬውን ሰምታ እቤቱ ድረስ መጥታ።

«ሁልጊዜ የሌላ ሰው እግር እያየሁ ነው የወረድኩት። ወደቀ፣ አልወደቀ እያልኩ። ለራሴ አንድ ቀን እንኳ አልወረድኩም። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ይጨነቅልኝ፣ እኔ ልንሸራተት።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ!»

«በይ ስደቢኝ። ማክሰኞ ግን ደንበኛሽ ነኝ።»

የሚቀጥለውን ክረምት በረዶ እንደማያይ ሐኪሙ ለሁለቱም ነግሯቸዋል።

ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትታቸው ከስኪያቸው ሥር ጨርቅ ለጥፈው ሽቅብ ጀመሩ። ኤሚሊየን በየሃያ እርምጃው ቆሞ ይተነፍሳል። ሰማዩንም በረዶውንም ዞር ብሎ አላየ፤ ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር እንደ ሰነፍ ደንበኛ ይነዘንዛታል።

«መሪዬ፣ ገና ነው?»

«ዝም ብለህ ተንፍስ!»

«ደንበኛ እንዲህ አይመለስለትም። ለቢሮው እከስሻለሁ።»

እየተሳሳቁ ወጡ። ክሎቲልድ አባቷን እንዲህ ልቡ ቅቤ ጠጥቶ አይታው አታውቅም፤ መሪ በነበረበት ዘመን ተራራ ላይ አይስቅም ነበር።

ጉሮሮው አናት ላይ ሲደርሱ ካሰቡት አንድ ሰዓት ዘግይተዋል። ሌሊቱን ደግሞ ሰማዩን ደመና ሸፍኖት ስላደረ በረዶው በደንብ አልጠጠረም። ክሎቲልድ በረዶውን በስኪ ዱላዋ ወጋች፤ እስከ እጀታው ሰመጠ። ኤሚሊየን ዱላውን አየና ቶሎ ፊቱን አዞረ፤ ዛሬ የእሱ ጉዳይ አይደለማ።

«እንመለሳለን» አለች።

«ክሎ… ሌላ ሚያዝያ እኮ የለኝም!»

«አውቃለሁ አባባ። ግን ሌላ ደንበኛ ቢሆን እመልሰው ነበር። አንተንም እመልስሃለሁ።»

ይህን ያስተማራት እሱ ነው። ስኪውን ወደመጡበት አዞረ።

ብዙም ሳይርቁ፣ ከእነሱ በኋላ የወጡ ባልና ሚስት ጉሮሮው ውስጥ ሲገቡ ከማዶ አዩአቸው። ባልና ሚስቱ ተራ በተራ ግራና ቀኝ እየታጠፉ፣ በደስታ እየጮኹ እስከ ታች ወረዱ። አንድ እፍኝ በረዶ እንኳ አልተናደም። ኤሚሊየን ዱላው ላይ ተደግፎ እስኪጨርሱ ድረስ አያቸው።

«ጥሩ ይታጠፋሉ» አለ።

ክሎቲልድ መነጽሯን ሳታወልቅ አለቀሰች።

ግንቦት ላይ ኤሚሊየን አልጋ ያዘ። ሊጠይቀው ለመጣው ሁሉ «እኔን መለሰችኝ እኮ! እኔን!» እያለ በልጁ ይኩራራል። ጠያቂዎቹም ወደ ክሎቲልድ ዞረው «ትክክል ነሽ» ይሏታል። ቃሉ አንገሸገሻት። ትክክል መሆኗን ማን ጠየቀ? ትክክል መሆን ለአባቷ ምን ጠቀመው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ትራሱን ስታስተካክልለት፣ «ያን ቀን በረዶው ይችለን ነበር፣ አይደል?» አላት።

በዕድሜዋ ስለ በረዶ ዋሽታ አታውቅም። አሁን ግን መዋሸት ፈለገች፤ የቱ ውሸት እንደሚያጽናናው ግን ጠፋት።

«አላውቅም አባባ።»

«እኔም አላውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በረዶ በዱላ እየወጋሁ፣ ሰው እየመለስኩ፣ አንድ ቀን እንኳ በእርግጠኝነት አላወቅኩም። እንዳትጸጸቺ።»

እጇን ያዘ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀችው፤ ነገሩን የጨረሰ መስሏት ነበር።

«ብንወርድ ግን… እንዴት ደስ ባለኝ» አለና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚያባብሉትም አታውቅም። እጁን ብቻ ይዛ ቆየች። ሐሙስ ዕለት ሞተ።