ብቻውን የቀረ ለቀስተኛ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ሆሳዕና ከተማ ያለው ቤታችን ለሳምንታት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከጊምቢቹ፣ ከዶዮገና ለቀስተኛ ይመጣል፤ ሰሌን ላይ ያድራል። የወንድሜ ውሻ በመካከላቸው ይተኛል።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቴ ገበያ፣ እኔ ትምህርት ቤት። በሩን ስንዘጋ ውሻው ማላዘን ጀመረ። በሩንም ይቧጭራል።

በሰፈራችን ከሐዘን ቤት ጩኸት ከተሰማ ዝም አይባልም። ባሏ አውራጃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ጎረቤታችን ቆጮ ይዛ ትመጣለች፤ አንዱ የቤታችን ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ሌሎችም ይከተላሉ። ውሻው ግን ባሰበት። ደብተሬን ሳነሳ ገና መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

«ሌላ ሞት እየጠራ ነው ይላሉ» አለች እናቴ። «ለአጎትህ እንስጠው።»

ከወንድሜ የቀረን እሱ ነበር። ባዶ ቤት መግባት እኔም አልወድም ነበር።

አንድ ቀን ቀለም ረስቼ ተመለስኩ። ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ውሻውን ታጎርሳለች።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ሁላችንም አጥተነዋል።»

ሳቅ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«እትዬ፣ የሚያለቅሰው ለቆጮው ነው እኮ!»

«ዝም በል! ለቀስተኛ ቢበላ ነውር ነው?»

ልትሄድ ስትነሳ ግን ውሻው ቆጮውን ጥሎ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። ሳቄን ዋጥኩ። የሚፈልገው ሰው ነው። የሄደ ሰው እንደሚመለስ አያውቅም። ወንድሜ አልተመለሰማ።

ከዚያ ወዲህ፣ ከትምህርት ስመለስ፣ እስከ አጥሩ ሄጄ ሳይጮህ እመለሳለሁ። ሲለምደው እስከ እንሰቱ። ከዚያ እስከ መንገዱ። ደብተሬን አነሳና ሳልወጣ እቀመጣለሁ። ጎረቤታችንንም ዝም ሲል ብቻ እንድትመጣ ለመንኳት።

«ጉድ ነው! እንግዲህ ሲጽናና ነው ለቅሶ የምደርሰው?» አለች። ግን እንደዚያው አደረገች።

ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንዳንድ ቀን እንደገና ያላዝናል፤ እናቴም አጎቴን ታነሳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ከአጥሯ በላይ «ዛሬ ድምፁን አልሰማሁም» አለችኝ። ደንግጬ በሩን ከፈትኩ። ውሻው ተኝቷል። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ እስከ አጥሩ ደርሼ የመጣሁ ይመስል አየኝና መልሶ ተኛ። ደብተሬን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ደስ አለኝ።

እናቴ ከገበያ ስትገባ ሁለታችንንም አየችን።

«አጎትህ ሌላ ውሻ ይፈልግ» አለች።