የሐያት ፈዋሽና አዲሱ ሕግ

ይህችን ሃያ ገጽ ያላት የመጫወቻ ዳይስ ከመሳቢያዬ ባገኘኋት ቁጥር ልቤ ዛሬም ይዘላል።

ልጅ እያለሁ ካርቱም፣ ዐማራት የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባባ አል-ማንሺያ በሚባል ሌላ ሰፈር የአንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ዘበኛ ነበር። የቤቱ ልጅ አንድ የጨዋታ መጽሐፍ፣ «አዲስ እትም ወጥቷል፤ ይሄ ከእንግዲህ አያገለግልም» ብሎ ከነዳይሱ ሰጠው። ጨዋታው ተረት ነው፤ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ ተዋጊ ወይም ፈዋሽ ሆነው ይገቡበታል፤ መዳንና መሞቱን ዳይሱ ይወስናል።

እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ወዲያው አሳታሚ ሆንኩ። ሕጉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ በደብተር ገለበጥኩ፤ የካርቱም ልጅ አይደለሁ፣ እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ በቀኝ በኩል ሰፋሁት። የአማርኛ መምህራችን በግራ በኩል ገልጠው፣ «ገና ሳይጀመር ሁሉም አለቀ እንዴ?» ብለው ሳቁ። የአንዱ ደብተር ዋጋ አንድ ጥቅል ተሳሊ፣ ያ ጨው የበዛበት የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ነበር። ስምንት ደብተር ሸጥኩ፤ ከንፈሬ እስኪላጥ በላሁ።

በዓመቱ የቤቱ ልጅ ካርቱምን ለቅቆ ሲሄድ አዲሱንም እትም ተወልን። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ፈዋሽ እንደ ድሮው በዳይስ ከአሥር በላይ ስትጥል ጓደኞቿን አታድንም፤ አሥራ አምስት ያስፈልጋታል። እኔ የታየኝ ሌላ ስምንት ጥቅል ተሳሊ ነው። «አሮጌው ተሽሯል፣ አዲስ ደብተር ግዙ» ብዬ አወጅኩ። ልጆቹ ጮኹ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ብዬ ናቅኳቸው።

ሐያት ግን አልጮኸችም። እናቷ ከወሎ መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ዝምተኛ ጓደኛዬ ነበረች፤ በጨዋታው የምትሆናትን ፈዋሽ ዓመት ሙሉ አሳድጋታለች። «ዋላሂ፣ በዚህ ሕግ ከሆነ ከእንግዲህ አልጫወትም» አለችና ደብተሯን መለሰችልኝ። ማታ ለአባባ ብነግረው፣ «የሸጥሽላቸው ወረቀቱን ነው ጨዋታውን?» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ደብተሯን ይዤ ሐያት ዘንድ ሄድኩ፤ ለምኛት መጣች። የተረታችን የመጨረሻው ውጊያ ነበር፤ ሁላችንም ወድቀን የቀረችው ፈዋሿ ብቻ ናት። ሐያት ዳይሱን ወረወረች፤ አሥራ አንድ! በአዲሱ ሕግ አልቀናል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ያላ፣ ተነሱ!» አልኩ። «በአሮጌው ድነናል!»

ጩኸታችን ጎረቤት አስወጣ። እዚያው ወረቀት ቀድጄ አዲስ አንቀጽ ጻፍኩ፣ በስምንቱም ደብተርና በራሴው ላይ በነጻ ለጠፍኩ።

ዛሬም አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ገዢና አሳታሚ በስልኬ ላይ ሲነታረኩ አነባለሁ። እኔም እገዛለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። የዚያን ዘመን ልጆች ግን ተበታትነናል፤ ሐያት የት እንዳለች አላውቅም። በቀኝ የተሰፋው ደብተሬ ላይ ያቺ ወረቀት አልተላቀቀችም፦ «የሐያት ፈዋሽ እስክትሞት ድረስ በአሮጌው ሕግ ትኖራለች።» እስከማውቀው ድረስ አልሞተችም።