ማግኔት የያዘው ጠረጴዛ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገሬን ለቅቄ ለንደን ከመግባቴ በፊት በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ስለ ብረታ ብረት አስተምር ነበር። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ትሪ ማጠብ ስጀምር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም መናገሩ ደከመኝ።

አብረውኝ በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት የአገሬ ሴት ይሠሩ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ጠረጴዛዎቹን እንደ እሳቸው የሚያጸዳ አልነበረም። አንድ ጊዜ ግማሾቹ ጠረጴዛዎች ተነሥተው አዳዲስ መጡ። ወር ሳይሞላቸው ቡናማ ነጠብጣብ አወጡ። ሱፐርቫይዘሩ «የማይዝግ ብረት እንዴት ይዝጋል? በደንብ ስላልጸዳ ነው» ብሎ በእትዬ ላይ ዋርኒንግ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ጻፈባቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳጥብ ቆሻሻ ተብዬ አላውቅም» አሉኝ ጓንታቸውን እያወለቁ። አላለቀሱም። አለማልቀሳቸው ነው አንጀቴን የበላው።

በማግስቱ ኬንቲሽ ታውን ከምጋራው ቤት ፍሪጅ ላይ አንድ ማግኔት ነቅዬ መጣሁ። አሮጌው ጠረጴዛ ጎን ላይ ባስጠጋው ወደቀ፤ አዲሱ ላይ ጥብቅ አለ። ሱፐርቫይዘሩን ጠራሁት።

«ይሄ ፌሪቲክ የሚባለው ዓይነት ነው» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። «ክሮሚየም አለው፤ ኒኬል ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ዋጋው ረከስ የሚለው፤ ማግኔትም የሚይዘው።»

«የማይረባ ነው በለኛ።»

«አይደለም። የልብስ ማጠቢያ ከበሮ፣ የመኪና ማርሚታ፣ ማንኪያም ይሠራበታል። ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ላዩ ላይ የሚያበጀው ስስ ሽፋን ነው። ጨውና በረኪና ሲቆዩበት ሽፋኑን ይበሱታል። የድሮዎቹ ጠረጴዛዎች ትንሽ ይታገሣሉ፤ ይሄ አይታገሥም።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አሳየሁት። በረኪና ቀብታችሁ ሳታለቀልቁ ተዉት ይላል። የለጠፈው ራሱ ነው። ተጠግቶ አነበበው።

«ኢንጂነር ነህ እንዴ?»

«አስተማሪ ነበርኩ።»

«የትሪ ትሮሊዎቹ እየጠበቁህ ነው» ብሎኝ ሄደ።

በሳምንቱ መመሪያው ተቀየረ፤ የእትዬም ዋርኒንግ ተሰረዘ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም።

ዋርኒንጉ የተሰረዘ ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ «ይህን ሁሉ እያወቅክ ነው ከእኔ ጋር ትሪ የምታጥበው?» አሉኝ።

ከበሩ በላይ የተጻፉትን የጣቢያዎች ስም ማንበብ ጀመርኩ። ዞር ስል ትከሻዬን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።