እዚያው ቦታ የሚመለሰው የከንፈሬ ቁስል

መጀመሪያ የተሰማኝ ማሳከክ ነበር። ታችኛው ከንፈሬ ላይ፣ በግራ በኩል። ለሱብሒ ውዱእ ሳደርግ ውሃው ሲነካው አቃጠለኝ። ከሥራ ስመለስ ቀልቷል። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያም ፈነዳ።

የተወለድኩት ጅማ ነው። ኮምቦልቻ የመጣሁት ለፋብሪካ ሥራ ሲሆን፣ የምኖረው እትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። አከራዬ ናቸው ብሎ ማለፍ ግን ይከብደኛል። እግሬ ግቢያቸውን ከረገጠ ጀምሮ ከእሳቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ትሪ ላይ ነው የምንቀርበው።

እትዬ ቁስሉን ሲያዩ አልደነገጡም። «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ በእጃቸው አሽተው ቀቡኝ። ዳነ። ጥቁር ምልክት ግን ተወ። ጥቂት ቆይቶ ልክ ምልክቱ ላይ ተመለሰ። አሁንም ዳነ፤ አሁንም ተመለሰ። ጥቁረቱም ባሰበት።

ያኔ ፈራሁ። ምች ይተላለፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራ ቦታ አንዷ ካንሰር እንዳይሆን አለችኝ። ከትሪው ራቅሁ። ምግቤን በሳህን ይዤ ክፍሌ መግባት ጀመርኩ። የትንሿን ልጅ ጉንጭ መሳም ተውኩ። ወገኖቼ ሩቅ ናቸው። እዚህ ያለኝ ቤተሰብ ያ ትሪ ነው።

እትዬ ዘይነባ በሬን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ምነው፣ ወጣችን አልጥም አለሽ?»

«እንዳይተላለፍባችሁ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እንደሱ አትይም! እኔ እኮ ኩርፊያ መስሎኝ፣ ምን ብዬሽ ይሆን እያልኩ ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። ተነሽ፣ ሐኪም ይይሽ።»

ኮምቦልቻ ያለው ክሊኒክ «የቆዳ ሐኪም ይይሽ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂ» አለኝ። እዚህ አካባቢ ቦሩ ሜዳ ለሕክምና ሂጂ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሥጋ ደዌን ነው። እኔም ያንኑ አሰብኩ። ደሴ ሰኞ ገበያ ደርሰን ሌላ ሚኒባስ ያዝን። የሂጃቤን ጫፍ አፌ ላይ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። እትዬ እጄን ይዘው «አብሽሪ» አሉኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በመብራት አየችኝ። እጄን፣ ፊቴን፣ የአፌን ውስጥ አየች። ሳትቸኩል አየች።

«ከንፈር የሚያቆስል ብዙ ነገር አለ» አለች። «ምች የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ትንንሽ ሆኖ ተሰብስቦ ይወጣል። የፀሐይ ቃጠሎ አለ፣ የቅባት አለርጂ አለ፣ የሾለ ጥርስ አለ። ካንሰርም አለ፤ እሱ ግን እንዲህ እየዳነ አይመለስም። ያንቺ አንድ ክብ ሆኖ እዚያው ይመላለሳል፣ ጥቁር ይተዋል። ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«ምንም። ወላሂ፣ መድኃኒት አልወስድም።»

«ሆድሽን ሲያምሽስ?»

«እሱማ ኪኒን እውጣለሁ።»

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሐኪሟ አልሳቀችም። «የትኛውን ኪኒን?» አለች። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ኮትሪሞክሳዞል። ሆዴን ሲቆርጠኝ እወስደዋለሁ። ከንፈሬ ሲቆስልም «ያደርቀዋል» ብዬ እደግማለሁ። ማዳኛ ያልኩት ራሱ ነበር የሚያቆስለኝ።

«ፊክስድ ድራግ ኢራፕሽን ይባላል። ሰውነትሽ ይህን መድኃኒት አይቀበልም። በወሰድሽው ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ይቆጣል። አይተላለፍም።»

አይተላለፍም። ከዚህ በኋላ የተናገረችውን የደገሙልኝ እትዬ ናቸው። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ኪኒኑን ተውኩ፤ ያዘዘችልኝን ቅባት ቀባሁ፤ ሆዴንም አስመርምራ የሚስማማኝን ሕክምና ስለሰጠችኝ ዳግመኛ በየፋርማሲው መዞር ቀረልኝ። ቁስሉ ቶሎ ሲደርቅ ጥቁረቱ ግን ቀስ እያለ፣ መስታወት ሳይ ጠፋ ወይስ አልጠፋም እያሰኘኝ ወራት ፈጅቶ ደበዘዘ። ያቺን ሐኪም በዱዓዬ አልረሳትም፤ መድኃኒት ስትለኝ ያልገባኝን «ሆድሽን ሲያምሽስ» ብላ ጠየቀችኝ፣ ዳማ ከሴ የቀቡኝን እትዬንም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ በክፉ አላየቻቸውም።

እንደኔ ከንፈሩ ለቆሰለ ሰው የምመክረው፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚውጠውን ሁሉ፣ የራስ ምታት ኪኒኑንም ጭምር፣ ይዞ እንዲሄድ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን፣ የሚጠነክር ወይም የሚደማ ቁስል ካለው ሳይቆይ ሐኪም ይየው። ኪኒን ከወሰደ በኋላ ትኩሳት ይዞት አፉ ወይም ዓይኑ ከቆሰለ፣ ወይም ቆዳው ከተላጠ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ይድረስ። እስቲ ልየው ብሎ ያንኑ ኪኒን ዳግም አይሞክረው።

ያን ቀን ሐኪሟ ስታሰናብተን «የኪኒኑን ስም ያዢ፤ የትም ስትታከሚ ተናገሪ» አለችኝ። እትዬ ዘይነባ ከበሩ ተመለሱ።

«ራሷን ስታ ብትመጣ ማን ይናገርላታል? እኔንም አስተምሪኝ።»

ፊደል አልቆጠሩም። ሐኪሟ ቁራጭ ቁራጭ አድርጋ አስያዘቻቸው። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ «ኮትሪ... ሞክሳ... ዞል» እያሉ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌ ዚክር መስሏቸው «አሚን» አሉ። እትዬም «አሚን» ብለው ቀጠሉ።

እናቴ ሩቅ ናት። እኔ መናገር ቢያቅተኝ በዚህ ከተማ ስለ እኔ የሚናገር ሰው ግን አለኝ። አልሐምዱሊላህ። እናንተም የማይስማማችሁን መድኃኒት ስም ለአንድ ሰው ንገሩ።